ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን በአቅምና በዋጋ ማወዳደር፦ ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ጎንደር የሰርግ ከተማ ናት። በእነዚያ ሳምንታት ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከሚመጡት ብዙዎቹ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ናቸው፤ ቀኑን ሲቀርጹ ውለው ሌሊቱን ኮምፒውተር ሲጠብቁ ያደሩ ሰዎች። ጥያቄያቸው ምስልና ቪዲዮ ስለሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል፣ ስለ ግራፊክስ ካርድ፣ ሆኖ ተመሳሳይ ነው፦ «ጋሼ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ካርዶች የትኛው ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ለየትኛው ሥራ? በየትኛው ኮምፒውተር ላይ?»

ባለፈው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሁለት ስሞች ይዘው መጡ፤ የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 እና የኤኤምዲው አርኤክስ 6600። አንዷ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ናት፤ ሌላው ጨዋታ የሚወድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በመጨረሻ እርሷ 3060ን፣ እርሱ 6600ን ገዙ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እዚያ ውሳኔ ላይ የደረስንበትን መንገድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። የእርስዎ ሁለት ካርዶች ሌሎች ቢሆኑም አካሄዱ ያው ነው።

አንደኛ፦ ሥራዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፤ በየቀኑ የሚከፍቱትን ፕሮግራም ወይም ጨዋታ፣ የሚሠሩበትን የፋይል ዓይነት እና የሞኒተርዎን ልክ።

በሞኒተሩ ልጀምር። ተማሪው ያለው ሞኒተር 1920 በ1080 ነጥብ ያለው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ነው። አንዱ ካርድ በሰከንድ 90 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሌላው 110 ፍሬም ቢሰጠው ሞኒተሩ የሚያድሰው ያንኑ 60 ጊዜ ነው። የሃያውን ፍሬም ልዩነት በብር ከፍሎ በዓይኑ ሊያየው አይችልም። የእግር ኳስ ጨዋታ ብቻ ለሚጫወት ሰው ከሁለቱም ካርዶች ያነሰ ይበቃዋል፤ ይህንን ለደንበኛ መንገር ገበያ ያሳጣል የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ግን እናገራለሁ።

የቪዲዮ አቀናባሪዋ ጉዳይ ረዘም ያለ ነበር። «ቪዲዮውን ሳጫውተው ይንቀረፈፋል፤ ካርድ ስለሌለኝ ነው» ብላ ነው የመጣችው። የካሜራዋን ፋይል ከፍተን ስናየው 4:2:2 ባለ 10 ቢት የሆነ፣ ኤች 265 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የተቀረጸ ነበር። ይህ ዓይነቱ ፋይል የቀለም ዝርዝሩ ብዙ ስለሆነ ለማስተካከል ግሩም ነው፤ ነገር ግን 3060ም ሆነ 6600 ይህን ፋይል በራሳቸው ሃርድዌር መፍታት አይችሉም። ኤንቪዲያ ይህን ችሎታ በካርዶቹ ላይ የጨመረው በ50 ተከታታይ ትውልድ ነው። በአንጻሩ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉ፣ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ያላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይፈቱታል። ስለዚህ ለመንቀራፈፉ መፍትሔው ካርድ መግዛት አልነበረም። ካሜራዋን የቀለም ዝርዝሩ አነስተኛ በሆነው በ4:2:0 አቀራረጽ ላይ አድርጋ መቅረጽ፣ ወይም ከማቀናበሯ በፊት ቀለል ያለ ቅጂ ማዘጋጀት በቂ ነበር። ካርድ የሚያስፈልጋት ለሌላ ሥራ ነው፤ ለቀለም ማስተካከያው፣ የምስል ጫጫታ ለማጥፋት እና የተጠናቀቀውን ሥራ ለማውጣት። ይህን ሳናጣራ ብትገዛ ኖሮ ካርዱን ሰክታ ያው መንቀራፈፍ ሲጠብቃት ታገኘው ነበር።

ሁለተኛ፦ ኮምፒውተርዎን ይክፈቱና ውስጡን ይዩ

ካርድ ብቻውን አይሠራም። የኬዙን ጎን ይፍቱና በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የ3060 የኃይል ፍጆታ 170 ዋት ሲሆን የሚመከርለት ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው። የ6600 ፍጆታ 132 ዋት ነው፤ 450 ዋት ይመከርለታል። ቁጥሩን ብቻ አይመኑ። በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልለውንና 600 ዋት የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ፓወር ሰፕላይ እኔ አልቀበለውም፤ ወደ ካርዱ የሚሄደው ባለ 8 ወይም ባለ 6 ቀዳዳ ገመድ መኖሩንም አይቼ ነው የምወስነው።

በከተማችን በብዛት ያሉት ከቢሮ የወጡ ዴል እና ኤችፒ ኮምፒውተሮች ናቸው። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ቅርጹም የራሱ ስለሆነ በሌላ መተካት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካለዎት ከላይ የጠቀስኳቸውን ሁለቱንም ካርዶች ይርሱ። የሚያወዳድሩት ያለ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚሠሩትን ነው፤ ለምሳሌ 75 ዋት የሚወስደውን ጂቲኤክስ 1650 ከ53 ዋቱ አርኤክስ 6400 ጋር። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አርኤክስ 6400 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ ካርድ የሚሰካበት መገናኛው የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ትውልድ በሆነ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በሚታይ ደረጃ ይቀንሳል። በተጨማሪም ቪዲዮ የሚያወጣበት የራሱ ኢንኮደር የለውም። ስለዚህ በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው እድሜው የገፋው 1650 ይሻላል እላለሁ። 1650ን ሲገዙም የኃይል ገመድ መሰኪያ የሌለውን ይምረጡ፤ መሰኪያ ያለውም ይሸጣልና።

6600ም ስምንት መስመር ነው ያለው፤ 3060 ግን አሥራ ስድስት። በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ 6600 ትንሽ ይጎዳል፤ ውሳኔ የሚያስለውጥ ግን አይደለም።

ከዚያ የካርዱ ርዝመት በኬዙ ውስጥ ይገባ እንደሆነ በሜትር ይለኩ። ዩፒኤስ ካለዎትም ቪኤ እና ዋት አንድ አለመሆናቸውን ያስተውሉ። 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ሞኒተሩ ተደምረው ወደዚያ ከተጠጉ መብራት በሄደ ቅጽበት ዩፒኤሱ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፦ በስሙ ሳይሸወዱ ካርዱን ይለዩ

በእኔ ልምድ ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። «3060» የሚል ስም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። 12 ጊጋባይት ያለው 3060 የማህደረ ትውስታው መንገድ 192 ቢት ስፋት አለው፤ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያመላልሳል። በኋላ የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ 3060 ደግሞ 128 ቢት ነው፤ በሰከንድ 240 ጊጋባይት። በሣጥኑ ላይ ያለው ትልቁ ስም አንድ ሆኖ ሳለ በጨዋታ ላይ ግልጽ ልዩነት ያሳያሉ። በላፕቶፕ ቺፕ ተሠርተው ለዴስክቶፕ የሚሸጡም አሉ፤ 6 ጊጋባይት ብቻ ያለው «3060 ኤም» ከእነዚህ አንዱ ነው። በ6600 በኩልም 6600 ኤክስቲ እና 6600 ኤም የሚባሉ ወንድሞች አሉት። ኤክስቲው 2048 ማስሊያ ክፍሎች አሉት፣ ዋናው 6600 ግን 1792። ዋጋ ሲጠይቁ ሙሉ ስሙን፣ ጊጋባይቱን እና የቢቱን ስፋት አብረው ይጠይቁ።

ከዚህ የሚከፋው ፈጽሞ የውሸት ካርድ ነው። ከዓመታት በፊት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብዬ የገዛሁት ካርድ ስሙ በሶፍትዌር የተለወጠ የጥንት ካርድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዊንዶውስ የሐሰቱን ስም አምኖ ያሳየኝ ነበር። የደንበኛ ገንዘብ ስለነበር ከኪሴ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጂፒዩ ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሳልከፍት ብር አልቆጥርም። ፕሮግራሙ ብዙዎቹን ስማቸው የተለወጠ ሐሰተኛ ካርዶች ለይቶ ከስማቸው ፊት ሐሰት መሆናቸውን ይጽፋል። የማስሊያ ክፍሎቹን ቁጥር፣ የቢት ስፋቱን እና የማህደረ ትውስታውን ዓይነት ከአምራቹ ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ 3060 ከሆነ የማስሊያ ክፍሎቹ ቁጥር 3584 ማለት አለበት።

ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ይህ ምርመራ የበለጠ ያስፈልጋል። ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ዕቃ መመለስ ቀላል አይደለም። ሻጩ ካርዱን ሰክቶ፣ በቪዲዮ ጥሪ ጂፒዩ ዚን ከፍቶ፣ በካርዱ ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ቅን ሻጭ አሥር ደቂቃ አይነፍግዎትም። ዕቃው ሲደርስዎ ያንኑ መለያ ቁጥር ያመሳክሩ።

አራተኛ፦ የወረቀቱን ቁጥሮች በልካቸው ያንብቡ

ሁለቱ ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጡት፤ 3060 በፌብሩዋሪ፣ 6600 በኦክቶበር። የመነሻ ዋጋቸውም አንድ ነበር፣ 329 ዶላር። ሰዎች እንደ ተፎካካሪ የሚያዩአቸው አንዱም ምክንያት ይህ ነው።

የ3060 የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር 3584 ከ6600ው 1792 በትክክል እጥፍ ነው። ታዲያ 3060 እጥፍ ይፈጥናል? አይፈጥንም። ሁለቱ ኩባንያዎች የማስሊያ ክፍል የሚሉት ነገር አሠራሩ የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩን ፊት ለፊት ማስተያየት በቁናና በኪሎ የተለካ ጤፍን ያለ ልኬት ቅያሪ እንደ ማወዳደር ነው። በ1920 በ1080 ጨዋታ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ እንደ ጨዋታው አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ይቀድማል። የማህደረ ትውስታ ፍጥነታቸውንም በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር አይቻልም። 6600 በሰከንድ 224 ጊጋባይት ብቻ ቢያመላልስም በቺፑ ውስጥ 32 ሜጋባይት ፈጣን መጋዘን ስላለው ጉድለቱን ይሸፍናል።

የወረቀቱ ቁጥር እውነት የሚናገርበት ቦታ የጊጋባይቱ መጠን ነው። 8 ጊጋባይት ሞልቶ ሲፈስ ካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይዞራል፤ ያኔ ጨዋታው ይቆራረጣል፣ የቪዲዮ ፕሮግራሙም ማህደረ ትውስታ አለቀብኝ ብሎ ይቆማል። የጫጫታ ማጥፊያ ለምትጠቀመው አቀናባሪ 12 ጊጋባይቱ ቅንጦት አልነበረም።

ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ምስል ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሳይክልስ በተባለው የብሌንደር ምስል ማውጫ 3060 ኦፕቲክስ የተባለውን መንገድ ተጠቅሞ ከ6600 በብዙ ይቀድማል። ኩዳ በተባለው የኤንቪዲያ የራሱ ቴክኖሎጂ ላይ የተመሠረቱ ፕሮግራሞችም 6600 ላይ አይሠሩም። እነዚህን ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ወረቀትዎ ላይ ካልጻፏቸው ግን ለእርስዎ ዋጋ የላቸውም፤ አይክፈሉባቸው።

አምስተኛ፦ በራስዎ ፋይል ይለኩ

ሁለቱንም ካርድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መለካት የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው። ካልቻሉ ካርዱ ያለውን ወዳጅ ወይም ሱቅ ይፈልጉና የራስዎን ፋይል በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። አቀናባሪዋ የአንድ ሰርግ የአምስት ደቂቃ ክፍል፣ ከነቀለም ማስተካከያውና ከነጫጫታ ማጥፊያው፣ ይዛ ሁለት ቦታ ሄዳ በስልኳ ሰዓት ለካችው። ይህ ከማንኛውም የውጭ አገር ግምገማ ይበልጥ ጠቅሟታል።

በጨዋታ ሲለኩ መጀመሪያ የቀድሞውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አጥፍተው አዲሱን ይጫኑ። ፍሬሙን ከሞኒተሩ ጋር የሚያስረውን ቪ ሲንክ ያጥፉ። የምስል ማሳደጊያዎቹን፣ ማለትም የኤንቪዲያን ዲኤልኤስኤስ እና የኤኤምዲን ኤፍኤስአር፣ በሁለቱም ላይ ይዝጉ፤ ያለዚያ አንዱ ትንሽ ምስል አሳድጎ፣ ሌላው ሙሉውን ምስል ሠርቶ ይወዳደራሉ። እነርሱን በመጨረሻ ለብቻቸው ይለኩ። ኤፍኤስአር በሁለቱም ካርዶች ላይ ይሠራል፤ ዲኤልኤስኤስ በ3060 ብቻ።

አንድ ዓይነት ቦታ ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ አራት ጊዜ ይጫወቱ። የመጀመሪያውን ይጣሉት፤ ካርዱ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ጨዋታውም ገና ፋይል እየጫነ ነው። የቀሩትን ሦስቱን አማካይ ይውሰዱ። ካፕፍሬምኤክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይመዘግብልዎታል። ከአማካዩ እኩል የሚያስፈልግዎ ሌላ ቁጥር አለ፤ እጅግ የዘገየው አንድ በመቶ ፍሬም። አማካዩ 80 ሆኖ የዘገየው 25 ከሆነ ጨዋታው በየጊዜው ይደናቀፋል። አማካዩ 72፣ የዘገየው 58 የሆነው ካርድ ለዓይን ይመቻል፤ እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡ ፕሮሰሰሩን ይጠርጥሩ። የጨዋታውን የምስል ልክ ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርጉት። ፍሬሙ ካልጨመረ ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው፣ የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። የውጭ ገምጋሚዎች ካርድ የሚለኩት በዘመኑ ጠንካራ ፕሮሰሰር ላይ ስለሆነ ይህን በእነርሱ ቁጥር ውስጥ አያገኙትም።

የሙቀት ቁጥራቸውም እንዳለ አይሠራልንም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ቀዝቃዛው አየራችን የተወሰነውን ይክሰናል፤ በበጋ የሚገባው አቧራ ግን መልሶ ይወስድብናል። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ ካርዶች ባለ ሁለት ማራገቢያውን እና ወፍራም ማቀዝቀዣ ያለውን ይምረጡ።

ስድስተኛ፦ ብሩን ያስሉ

የሁለቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ይጠይቁ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚተመን ባለፈው ወር የሰሙት ዋጋ የዛሬውን አይነግርዎትም።

አሁን የማነሳቸው ቁጥሮች ለስሌቱ ማሳያ ብቻ ናቸው። አንዱ ካርድ 40,000 ብር ሆኖ 80 ፍሬም ይስጥ፤ ሌላው 45,000 ብር ሆኖ 90 ፍሬም ይስጥ። ሲካፈል ሁለቱም ለአንድ ፍሬም 500 ብር ናቸው። ነገር ግን ሁለተኛው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ቢፈልግና እርሱ 9,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 54,000፣ ለአንድ ፍሬም 600 ብር ይሆናል። በተማሪው ላይ የሆነው ይህ ነው። ያለው ፓወር ሰፕላይ 450 ዋት ስለነበር 6600 እንዳለ ገባለት። የመላኪያውን፣ የገመዱን፣ የሞኒተር መቀየሪያውን ዋጋ ሁሉ ይደምሩ።

የመብራት ሒሳቡ ያን ያህል አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው 38 ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ፣ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ደረሰኝዎ ላይ ባለው ታሪፍ ያባዙት፤ ውሳኔ የሚያስለውጥ ገንዘብ አይደለም።

ለገቢ የሚሠራ ሰው ግን በፍሬም ሳይሆን በሰዓት ያስላ። አቀናባሪዋን «መብራት ሳይሄድ በተከታታይ ስንት ሰዓት ታገኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። በሰርግ ወቅት አንዳንድ ቀን ሦስት ሰዓት ነው አለች። በእርሷ ፋይል 3060 አንድን ሰርግ በዚያ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ያወጣል፤ 6600 ሲያልቅለት ትንሽ ይቀረዋል። ለሌላ ሰው ይህ ልዩነት ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእርሷ ግን መብራት ሄዶ ከዜሮ መጀመር ወይም አለመጀመር ነበር። ለ3060 የጨመረችውን ብር በዚህ ነው ያመዛዘነችው።

ሰባተኛ፦ ያገለገለ ከሆነ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር በዓለም ዙሪያ ብዙ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ወጡ። ለዓመታት ሌትና ቀን የሠራ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ማራገቢያውና የሙቀት ቅባቱ ግን ደክመዋል። የብሎን ጭንቅላት ተፋቅቶ እንደሆነ፣ የማህደረ ትውስታው አካባቢ ጠቁሮ እንደሆነ ይዩ። ማራገቢያውን በጣት ሲያዞሩት መንገዳገድ የለበትም።

ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ከፍተው 15 ደቂቃ ያሠሩት። የ3060 ከፍተኛ ገደብ 93 ዲግሪ ነው፤ ወደዚያ የሚጠጋ ካርድ ቅባቱ ደርቋል ወይም አቧራ ውጦታል። በ6600 ላይ ደግሞ እጅግ የሞቀውን ነጥብ የሚያሳየውን ቁጥር ያንብቡ፤ ገደቡ 110 ነው። ማያው ላይ ነጠብጣብ ወይም የተሰነጣጠቀ ቀለም ካዩ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ፤ ቅናሽ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። ሁሉንም የኤችዲኤምአይና የዲስፕሌይ ፖርት ቀዳዳዎች በሞኒተር ይሞክሩ።

ካርዱን ገዝተው ሲሰኩት፣ በመጀመሪያው ቀን የለኩትን አማካይ ፍሬም ወይም ፋይሉ የወሰደውን ደቂቃ፣ ከፍተኛውን ሙቀት፣ የድራይቨሩን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት ጽፈው በኬዙ የውስጥ ጎን ላይ ይለጥፉ። አቀናባሪዋ ዘንድሮ ከሰርጉ ወቅት በፊት ኮምፒውተሯን ለጽዳት አምጥታ ነበር። ወረቀቱ 71 ዲግሪ ይላል፣ እኛ ስንለካው 83 ሆነ። ማቀዝቀዣውን ከፍተን የበጋውን አቧራ አራገፍን፣ ቅባቱን ቀየርን፤ እንደገና ስንለካው 72 ሆነ። አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው በታች ጽፋ ይዛው ሄደች።